ከእንጦጦ እስከ በራችን ቀጥ ያለው መስመር

ሀብትሽዬ፣ ወንድሜ፣

ከተለየኸን ትናንት ሰማንያ ቀን ሞላህ። ልብሶችህን እማዬ ለነዳያን ሰጠች። ስልክህን ነገ ከቅዳሴ በኋላ አጎታችን ሊወስደው ነው፤ ውስጡ ያለውን አጥፍቶ ራሱ ሊይዘው። እኔ ተመርቄያለሁ። ማመልከቻ ያላስገባሁበት ቢሮ የለም፣ አንዱ ይጠራኛል። ከሁሉ የተለወጠው ግን የግቢያችን በር ነው። ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ቀብር ስለወሰዱህ እማዬ «ልጄ ደጁን ሳይረግጥ» እንዳለች ነው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ በሩን አትቀረቅርም። ጎረቤት ቢመክራት፣ እኔ ብቆጣ፣ አልሰማ አለች።

የምጽፍልህ ልናዘዝ ነው። ጅቡን አበላሸሁት።

ያንን በእግርህ የምትስለውን ጅብ። ስልክህ የረገጥከውን ሁሉ ካርታው ላይ በቀይ እያሰመረልህ፣ ከሾላ ገበያ ጀርባ ያሉትን ቅያሶች እግር፣ የየካን ዳገት ወገብ አድርገኸው ነበር። «ሞዴሏ አንቺ ነሽ፣ ስትበይ አይቼ ነው» ትለኝ ነበር። የቀረህ አንድ ጆሮ ነበር፣ ከእንጦጦ ራጉኤል በታች። ዝናቡ ሲመጣ ማስመሩን ለጊዜው አቁመህ ልትጠለል ወረድክ፤ እርጥቡ አፈር ከዳህ፣ ገደሉ ውስጥ ወደቅክ።

ዛሬ ጠዋት ጆሮውን ልጨርስልህ ጫማዬን አሰርኩ። መቀጠል የነበረብኝ አንተ ያቆምክበት ቦታ ከደረስኩ በኋላ ነበር። ችኩልነቴን ታውቀዋለህ፤ ይሠራ እንደሆን ልሞክር ብዬ እዚሁ በራችን ላይ ቆሜ ስልክህ ላይ «ቀጥል» የሚለውን ነካሁት። በአንዴ፣ ካቆምክበት ተነስቶ እኔ እስከቆምኩበት ድረስ ቀጥ ያለ መስመር ተሰመረ። ጫካውን፣ ወንዙን፣ የሰው ጣሪያ ሁሉ አቋርጦ፣ ጅቡን ከአናቱ እስከ ሆዱ ሰንጥቆ። መመለሻ የለውም፤ ወይ እንዳለ ማስቀመጥ ነው፣ ወይ ሁሉንም ማጥፋት። ባትሪው ስድስት በመቶ ይላል።

እማዬ ወጣች። «ምን ሆነሽ ነው? ምን ሰበርሽ ደግሞ?»

አሳየኋት። ጅቡን ልብም አላለችው። «እዚህ ጋ ነበር ያቆመው» ብዬ ጣቷን ነጥቡ ላይ አደረግኩላት። ጣቷ መስመሩን ይዞ ቀስ እያለ ወረደ፣ በራችን ላይ ቆመ።

«በዚህ ነው የመጣው?» አለችኝ።

ላስረዳት አፌን ከፍቼ ነበር።

«አዎ፣ እማ» አልኳት። እንዳለ አስቀመጥኩት፣ ወደ ስልኬም ላክሁት።

አሁን እየመሸ ነው። ይህን ስጽፍልህ እማዬ ወደ ግቢ ወጣች፤ በሩን ገፋ አድርጋ ቀረቀረችው። ሰማንያ ቀን ያልሰማሁት ድምፅ። ዋሽቻት እንደሆነ አላውቅም፣ አንተ ፍረደኝ።

ሰኞ ወደ ላይ እወጣለሁ። ጆሮውን ካቆምክበት ጀምሬ በራሴ ስልክ እስለዋለሁ። ገደሉን ከሩቅ ነው የማልፈው፣ አትስጋ። ሥራ ባገኝም ባላገኝም በየዓመቱ በዚያው መንገድ እሄድልሃለሁ። ስመለስም በሩ ተቀርቅሮ ይጠብቀኛል፤ አንኳኳለሁ፣ እማዬም «ማነው?» ትላለች።

የጅብህ ሞዴል፣ እህትህ