ጀፎረው ላይ የተቆፈሩ ሁለት ጉድጓዶች

ማክሰኞ

ቅዳሜ ሲመሽ ወልቂጤ ውስጥ ከኳስ ሌላ ምን የሚታይ አለ? ሁሉም ይጠይቃል፣ ማንም አይመልስም። እኔ ልመልስ ብዬ ነበር። ዛሬ ፊልሜን ላሳይበት የጠየቅኩትን አዳራሽ ከለከሉኝ። ባለቤቱ "እህቴ፣ ቅዳሜ ትልቅ ጨዋታ አለ፤ ያንቺን ፊልም ማን ሊያይ ነው?" አለኝ። አልፎ ተርፎም "ለምን ሠርግ አትቀርጪም?" ብሎ ጨመረበት።

ፊልሜ አጭር ናት። በስልኬ የቀረጽኳት፤ ከተመረቅኩ ወዲህ ከሚኒባስ መስኮት ያየሁት ሁሉ አለባት። የጉንችሬ ገበያ። የእምድብር ተማሪዎች በዝናብ ሲሮጡ። የቡታጅራ መናኸሪያ ረዳቶች በአንዲት ተሳፋሪ ሲጣሉ። ከፊልሙ በኋላ ጀማል ሙዚቃ ያጫውታል። ጀማል የቡታጅራ ልጅ ነው፣ አብረን ነው የተማርነው። ፕሮጀክተሩም ስፒከሩም የሱ ነው፤ እኔ ያለኝ ጉጉት ብቻ።

ወንድሜ ከመርካቶ ደወለ። ሱቁ ሰው ይፈልጋል። "በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ፊልም ፊልም ትያለሽ! እስከ እሑድ ወስኚ" አለ። እኔም በንዴት ተስማማሁ። ቅዳሜ ሰው መጥቶ ካየልኝ እዚሁ እቀራለሁ፤ ካልመጣ ሻንጣዬን ይዤ ሱቅ እገባለሁ። ምን አስቤ ነው እንዲህ ያልኩት?

ረቡዕ

ጠዋት ከአባዬ ጋር ዜና። አባዬ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ እማዬን አግብቶ እዚሁ ቀረ። የዓለምን ጉድ ሁሉ ሰምተን ካልተከራከርን ቁርስ አይዋጥለትም። ዛሬ በነዳጅ ዋጋ ተጣላን። ከዚያ ድንገት፣ "አዳራሽ ከሌለ የእናትሽ አገር ሜዳ መች ጠፋ?" አለኝ።

እንዴት አላሰብኩትም! አክስቴ ብርነሽ እማዬ ያደገችበት ቸሃ ነው የምትኖረው። ከደጇ ፊት ጀፎረው አለ። ሰፊ፣ ሣሩ እንደ ምንጣፍ፣ ለመንደሩ መንገድም ሜዳም የሆነ። ሠርጉም ለቅሶውም ስብሰባውም እዚያ ነው። ከዚህ የበለጠ ሲኒማ የት ይገኛል?

ደወልኩላት። "ነይ በቃ! ለአባባ ሸርጋ እኔ እነግርልሻለሁ" አለች። አባባ ሸርጋ የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው። ማታ ፈቀዱ። በደስታ ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ጨፈርኩ።

ሐሙስ

ቸሃ ገባሁ። አክስቴ ጓሮ እንሰት እየፋቀች ነበር። ድምፁን ሰማሁና ቆምኩ። ሽርርክ፣ ሽርርክ፣ ትንፋሽ፣ ሽርርክ። ይኼ እኮ የሙዚቃ ቢት ነው! ስልኬን አውጥቼ ቀዳሁት።

ጀማል ተራራውን ተሻግሮ ከሰዓት ደረሰ። "ወላሂ፣ ስፒከሩን እንደ ሕፃን ታቅፌው ነው የመጣሁት። ሴትዮዋ ጎኔ ተቀምጣ 'ስንት ወሩ ነው?' አለችኝ።"

ያለን፦ ፕሮጀክተር፣ ስፒከር፣ የእማዬ ነጭ አንሶላ፣ ከአክስቴ ቤት የሚሳብ የመብራት ገመድ። የሌለን፦ አንሶላው የሚወጠርበት። ሁለት ረጃጅም አጣና አገኘን። አክስቴ ገበያ ሄዳለች። ዶማዋን ወሰድንና ጀፎረው መሃል ሁለት ጉድጓድ ቆፈርን። አጣናዎቹ ቀጥ ብለው ቆሙ! ፎቶ ተነሣን።

አንዲት ሴትዮ ሣር ተሸክማ ስታልፍ ቆመች። አየችን። ጉድጓዱን አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። በጉራጊኛ የሆነ ነገር አለች፤ የኔ ጉራጊኛ ግማሽ ነው፣ አልያዝኩትም። ሳትሰናበት ሄደች።

ዓርብ

ጀፎረ አይቆፈርም። አይታጠርም፣ አይታረስም። አጥሩን በስንዝር ወደ ጀፎረ የገፋ ሰው እንኳ ሽማግሌ ይጠራበታል። እኔ መሃሉን በዶማ!

አክስቴ ትናንት ማታ ከገበያ ስትመለስ ጮኸች። "ጀፎረ? ጀፎረ ቆፈርሽ? በኔ ዶማ?"

ጀማልን አፈጠጥኩበት። "እኛም ጋ ያው ነው እኮ፣ አይነካም" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"አስፈቅጃለሁ አላልሽም? መቆፈሩንም ያስፈቀድሽ መስሎኝ!"

አባዬ በስልክ ሰምቶ ሳቀብኝ። "ዜና ስታዳምጪ ኖረሽ ራስሽ ዜና ሆንሽ።"

ዛሬ ጠዋት ጀፎረው ዳር ካለው ዛፍ ሥር ተጠራን። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። ፊልሙ ቀረ፣ በቃ ሱቅ ልገባ ነው እያልኩ ነው የሄድኩት። አባባ ሸርጋ ለኔ ብለው በአማርኛ ተናገሩ።

"እናትሽ መሄድ የተማረችው እዚህ ሣር ላይ ነው። አንድ ቀን አልጫረችውም። አንቺ ምን አገኘሽበት?"

"አላወቅኩም፣ አባባ። አጥፍቻለሁ።"

እርስ በርስ ተነጋገሩ። በጣም ረጅም መሰለኝ። ከዚያ ፈረዱ። ጉድጓዶቹን ሙሉ፣ ሣሩን መልሱ፣ ውሃ አጠጡ። "ደግሞ እስኪይዝ ድረስ እየመጣሽ ታዪዋለሽ። ሰው ልከሽ አይደለም፣ ራስሽ።"

"እሺ" አልኩ። ልነሣ ስል በከዘራቸው አስቆሙኝ።

"ቆይ እንጂ። ያ አንሶላ ታዲያ በምን ሊቆም ነው?"

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ሳቁ። እኔ ማልቀስም መሳቅም አቃተኝ።

ቅዳሜ

ሣሩን መልሰናል። ጀማል ዳር ዳሩን በእጁ እየጠፈጠፈ "ቢስሚላህ፣ ያዝልን" ሲል ነበር። አንሶላው ጀፎረው ዳር ባሉ ሁለት ዛፎች መካከል፣ አክስቴ ራሷ በገመደችው የቃጫ ገመድ ተወጠረ።

ደመና አለ። መብራት ጠዋት ሄዶ መጥቷል። ሰው ይመጣል? ስልኬን ዘጋሁ።

እሑድ

መጡ! በርጩማ ይዘው፣ ጋቢ ተከናንበው፣ ሕፃን አዝለው መጡ። ሣር የተሸከመችው ሴትዮ ፊት ለፊት ነበረች። የጉንችሬ ገበያ ሲታይ "ያቺ የወንድሜ ሚስት ናት!" ብላ ተነሣች፤ ጥላዋ አንሶላውን ሞላው። "ቁጭ በይ!" ብለው ጮኹባት። ረዳቶቹ ሲጣሉ ሽማግሌዎቹ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ተከራከሩ። መብራት አንዴ ጠፋ፤ አንድም ሰው አልተነሣም።

ከዚያ ሙዚቃው። ጀማል የእንሰቱን ድምፅ ቢቱ ውስጥ አስገብቶታል። ሽርርክ፣ ሽርርክ፣ ከሥሩ ቤዝ። ወጣቶቹ ዘለሉ። አክስቴ ግን ጆሮዋን አቅንታ ቆየችና፣ "ማናት የምትፍቀው? እስካሁን አንድ ቦታ ላይ ናት እኮ! ሰነፍ!" አለች።

"አንቺ ነሽ፣ አክስቴ።"

ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ጭፈራው ውስጥ ገባች። አባባ ሸርጋም በከዘራቸው መሬቱን ሊመቱ ሲሉ አዩኝና በእግራቸው እየመቱ ጨፈሩ።

ዛሬ ጠዋት ለወንድሜ ደወልኩ። "መምጣት አልችልም። የምጠብቀው ሣር አለኝ።"

"ምን አለሽ?"

ሁሉን ነገርኩት። ሊቆጣ ነው ስል፣ "እውነት አባባ ሸርጋ ጨፈሩ?" አለ። ቀጥሎ፣ "ለመስቀል ስመጣ ታሳዪኛለሽ።"

ሥራ አሁንም የለኝም። ግን ከትናንት ጀምሮ ትከሻዬ ቀለለኝ። ወደ ሚኒባሱ ስንሄድ ሣሩን አየሁት፤ አንዱ ጥግ ትንሽ ጠውልጓል፣ ሌላው ደህና ነው።

ጀማል ቡታጅራም እናሳይ ይላል። ቴሌግራም ላይ ይቺን ለጠፍኩ፦ "ሰፊ ግድግዳ ወይም ሁለት ዛፍ ያላችሁ ጻፉልን። አንሶላ አለን። አንቆፍርም።"