ኮብላይ ያልነበሩት የግራ ክንፍ ተጫዋች የአቶ ይሁኔ ውዱ የሕይወት ታሪክ

አቶ ይሁኔ ውዱ ከአባታቸው ከአቶ ውዱ ገብረ ማርያምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብዙነሽ አባይ፣ በወሎ ክፍለ ሀገር፣ በራያና ቆቦ አውራጃ፣ ከሮቢት ዝቅ ብላ በምትገኝ መንደር ሚያዝያ 23 ቀን 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። በዚያ ቤት ከተወለዱት አምስት ልጆች ወባ ሦስቱን ወስዶ የቀሩት ሁለት ናቸው፤ እርሳቸውና ይህን ጽሑፍ የጻፈችው ታናሽ እህታቸው ቆንጅት። በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስቴንስል ያባዛችውም እሷው ናት። ቆማ ለማንበብ ግን አቅሙ የላትምና የሚያነቡላት የወንድሟ የልብ ጓደኛ፣ የዋጃው አቶ ሰላሁዲን እንድሪስ ናቸው። አንዲት ቃል እንዳይዘሉ አደራ ተብለዋል።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲጻፍ ደግ ደጉን አንስቶ ሌላውን ማለፍ የተለመደ ነው። ይኸኛው አያልፍም። አቶ ይሁኔ አራት ዓመት ተኩል ሙሉ በገዛ አገራቸው «ኮብላይ» እየተባሉ ኖረዋል። ዛሬ ሳጥናቸውን ተሸክመው ከመጡት መካከል እንኳ በዚህ ስም የጠሯቸው አሉ፤ ራሳቸውን ያውቃሉ። ያ ስም የእርሳቸው እንዳልነበረ አፈር ከመልበሳቸው በፊት መነገር አለበት።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በ1957 ዓ.ም. ቆቦ ከተማ አክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው መማር ጀመሩ፤ እስከ ዘጠነኛ ክፍልም ዘለቁ። ኳስ የለመዱትም እዚያው ነው። የዚያን ጊዜው ሜዳ በስተግራ በኩል ከሰው ማሽላ ጋር ይዋሰን ነበር። የማሽላው ባለቤት ደግሞ ቁጡ ሰው ነበሩና እርሻቸው ውስጥ የገባ ኳስ በማጭድ ቀደው ነበር የሚመልሱት። በዚህ የተነሣ በግራ በኩል መጫወት የሚፈልግ ልጅ አልነበረም። አቶ ይሁኔ ትንሽም ግራኝም ስለነበሩ «አንተ እዚያ ሂድ» ተባሉ። እርሳቸውም ኳሷን ከማሽላው ጫፍ ጫፍ እየነዱ፣ አንድም ሳትገባባቸው እስከ መጨረሻው ማድረስን ተማሩ። በኋላ አዲስ አበባ ላይ ሰው «መስመሩን እንዴት እንዲህ ያውቀዋል?» እያለ ሲደነቅ መልሱ ይኸው ነበር፤ ማጭድ ፈርተው ነው።

በ1968 ዓ.ም. ለአውራጃው፣ በ1969 ለክፍለ ሀገሩ ተመርጠው ተጫወቱ። በ1970 ዓ.ም. ደሴ ላይ ሲጫወቱ ያየ የአንድ አዲስ አበባ ፋብሪካ ቡድን እርሳቸውንና በረኛውን አቶ ሰላሁዲንን አንድ ላይ ወሰዳቸው። በደመወዝ መዝገቡ ላይ የመጋዘን ሠራተኛ ተብለው ተጻፉ እንጂ የመጋዘኑ በር በየት በኩል እንደሆነ እንኳ አያውቁም ነበር። ሥራቸው ኳስ ነበር፤ ልብሳቸው አሥራ አንድ ቁጥር ማልያ። የግራውን መስመር ይዘው ወርደው ሲያሻሙ ኳሷ ሄዳ አጥቂው ግንባር ላይ ነበር የምታርፈው፤ አጥቂው ዐይኑን ቢጨፍንም ያገባ ነበር ይላሉ አቶ ሰላሁዲን። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቆቦ ላይ ሻይ ቤቱ ሁሉ ራዲዮ ከፍቶ ይሰበሰባል። «ይሁኔ ውዱ በግራ መስመር» የተባለ እንደሆነ ጣራው እስኪነሣ ይጮኻል። የኛ ልጅ ነበሩ ያኔ! አይ ሰው!

በጥር ወር 1972 ዓ.ም. አባታቸው አቶ ውዱ ዐረፉ። በእኛ አገር ሞት በሩቅ እንደማይነገር ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ልጁ በሰው አገር ብቻውን እንዳይሰማ ተብሎ «ታሟል» ይባላል፣ ከመጣ በኋላ ሽማግሌ ተሰብስቦ ማለዳ መርዶውን ይነግረዋል። አጎቶቻቸውም እንደ ደንቡ «አባትህ ትንሽ አሞታል ብቅ በል» ብለው ቴሌግራም መቱ። አቶ ይሁኔ «ትንሽ» የምትለውን ቃል አመኗት። እሑድ ጨዋታ ነበረና ተጫወቱ፣ ሁለት ጎል አገቡ፣ በሰው ትከሻ ላይ ሆነው ሲስቁ ዋሉ። አባታቸው ከተቀበሩ ያን ዕለት ዘጠነኛ ቀናቸው ነበር። መጥተው ይህን ሲሰሙ ያለቀሱት ለቅሶ ለአባታቸው ብቻ አልነበረም፤ ለዚያ ሳቅ ነበር። ከዚያ በኋላ «ከአገር ቤት የመጣ ወረቀትን ሁለተኛ እንደተጻፈ አላነብም» እያሉ ለአቶ ሰላሁዲን ይምሉላቸው ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሀሊሜ ሙሀመድሰይድ ጋር ቃል ተሳሰሩ፤ ሠርጉም ለ1977 ታሰበ።

በግንቦት ወር 1976 ዓ.ም. ለብሔራዊ ቡድን ምርጫ ወደ ካምፕ ተጠሩ። ቅዳሜ ዕለት የመጨረሻው መፈተኛ ጨዋታ ተደርጎ ቡድኑ ሊለይ ነው። ለግራ ክንፍ የቀሩት እርሳቸውና አንድ ሌላ ሰው ነበሩ፤ ያም ጉልበቱን ታሟል። ሌላ ምን ቀራቸው? አንዲት ቅዳሜ ነበረች የቀረቻቸው።

በዚያው ሳምንት ሰኞ እናታቸው ወይዘሮ ብዙነሽ ወባ ያዛቸው። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ቆቦ ከቆንጅት ጋር ነበር የሚኖሩት። ማክሰኞ ሌሊቱን ሲቃዡ አደሩ፤ ሰው መለየት አቃታቸው። ሦስት ወንድምና እህት በዚህ በሽታ የቀበረች ልጅ ምን ታድርግ? ረቡዕ ጧት ወደ ፖስታ ቤት ሮጣ «እማማ በጣም ታማለች ቶሎ ድረስ ቆንጅት» ስትል ቴሌግራም መታች። የጻፈችው ሁሉ እውነት ነበር። እናቷ በሕይወት ነበሩ፣ ታመው ነበር፣ በጣም ታመው ነበር። ያንን ወረቀት ግን እንደተጻፈ የሚያነበው ሰው እንደሌለ ማወቅ ነበረባት፤ አስተማሪ ናት፣ የዚህ አገር ልጅ ናት፣ የአባቷም ጊዜ እቤት ነበረች። ፍርሃት ጭንቅላቷን ያዘው፤ አላሰበችም።

ወረቀቱ ማታውን ፋብሪካው ደረሰ። አቶ ሰላሁዲን ይዘውት ወደ ካምፑ ሄዱ፤ ገና ከበሩ ላይ ሆነው ነበር የሚያለቅሱት። ለአባትየው «ትንሽ» ከተባለ፣ ለእናትየው «በጣም» ሲባል ምን ሊሆን ነው? አቶ ይሁኔም አንብበው ጨርሰው ጫማቸውን አሰሩ። የቡድኑ መሪ ስብሰባ ሄደው ስላልነበሩ «አንተ ንገርልኝ፣ እናቴ ሞታለች በል» ብለው ለአቶ ሰላሁዲን አደራ ሰጡ። ሻንጣቸውን፣ መታወቂያቸውን፣ የፋብሪካውን ደብዳቤ ሁሉ ካምፑ ውስጥ ጥለው ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ደሴ ሲደርሱ ራሳቸውን ተላጩ፤ ነጠላም ገዙ።

ያን ሐሙስ ዕለት የወሰዱት የወባ ኪኒን ሠርቶ ወይዘሮ ብዙነሽን ትኩሳቱ ለቀቃቸው፤ ተነሥተው አጥሚት ጠጡ። ቆንጅት በደስታ አበደች። አሁንም ወደ ፖስታ ቤት ሮጠች፤ «እማማ ድናለች አትምጣ» ብላ ሁለተኛ ቴሌግራም መታች። ይህ ወረቀት ዐርብ ፋብሪካው ሲደርስ ከቢሮው በቀጥታ ወደ ካምፑ፣ ለቡድኑ መሪ ተላከ። የፊተኛውን እንደተጻፈ ያመነ ሰው አልነበረም፤ የኋለኛውን ግን እንደተጻፈ አመኑት። እናቴ ሞተች ብሎ የሄደ ሰው እናቱ ድናለች ተብሎ ሲጻፍለት ምን ይባላል? ውሸታም ተባሉ። አቶ ሰላሁዲን ሊያስረዱ ቢሞክሩ «አንተም ተባባሪ ነህ» ተባሉና ስድስት ጨዋታ ታገዱ።

አቶ ይሁኔ ዐርብ ከሰዓት በኋላ ቆቦ ገቡ። ከአውቶቡሱ እንደወረዱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ «እናቴ፣ ሳልደርስልሽ!» እያሉ በዋናው መንገድ መጡ። ያያቸው ሁሉ ነገሩ ባይገባውም ለቅሶውን ተቀበለ፤ ጎረቤት በጎረቤት ላይ ወጣ። ይሄኔ ወይዘሮ ብዙነሽ ጩኸቱን ሰምተው፣ ሰፈር ላይ ሰው ሞተ ብለው፣ በበሽታ በደከመ ጉልበታቸው ምርኩዝ ይዘው ለመላቀስ ወጡ። ከልጃቸው ጋር በር ላይ ተገናኙ። «ይሁኔ፣ ልጄ፣ ማን ሞተብን?» ብለው ጠየቋቸው።

አቶ ይሁኔ መሬት ላይ ተቀመጡ። የእናታቸውን እግር ይዘው ሳቁም አለቀሱም። አገሩ ግን ሳቀ ብቻ። ሳምንቱን ሙሉ ሳቀ።

ቅዳሜ አለፈች። ቅዳሜ ሌሊት ተነሥተው ሊመለሱ ቢሉ እናታቸው «በቁሜ ያለቀስክልኝ ልጅ ከእጄ እህል ሳትቀምስ አትሄድም» አሉ። ማን እምቢ ይላል? እሑድ በግ ታረደ። ሰኞ ማለዳ አውቶቡስ ሊይዙ ሲሄዱ የቀበሌው ጥበቃዎች ለብሔራዊ ውትድርና የመጣውን ኮታ ለመሙላት ጎረምሳ ሲለቅሙ አገኟቸው። የፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ፣ ኳስ ተጫዋች ነኝ ቢሉ በኪሳቸው ወረቀት የለም፣ ራሳቸውም ተላጭቶ ምልምል ወታደር መስለዋል። እውነቱን ለመናገር ሊቀ መንበሩ ፋብሪካውን በቴሌግራም ጠይቀውላቸዋል፤ ይህም ይጻፍላቸው። ረቡዕ መልሱ መጣ፦ «ግለሰቡ በሐሰት ምክንያት ከካምፕ ስለኮበለለ የሥራ ውሉ ተቋርጧል።» እኩለ ቀን ሳይሆን ያ ቃል ከሻይ ቤት ሻይ ቤት ደረሰ። ያን ራዲዮ ከፍቶ ይጮህ የነበረው ሁሉ አፉ እንዳመጣ «ኮብላይ» ማለት ጀመረ። በማግስቱ በካሚዮን ተጫኑ።

በታኅሣሥ ወር 1978 ዓ.ም. በሰሜን ግንባር ፈንጂ ረግጠው ግራ እግራቸውን ከጉልበት በታች አጡ። ግራውን! ከሁለቱ መርጦ! በሰኔ ወር በክራንች ወደ ቆቦ ተመለሱ። ወይዘሮ ሀሊሜ ዘመድ «ተይው» ቢላቸው አልሰሙም፤ በጥር 1979 ዓ.ም. ተጋቡ፤ በጥቅምት 1980 ዓ.ም. ልጃቸው ራቢዓ ተወለደች። አቶ ይሁኔ በአውቶቡስ ማቆሚያው ትኬት ቆራጭ ሆነው ሠሩ። ከመንገደኛው ውስጥ አንዱ ባወቃቸው ቁጥር ሌላው ጠጋ ብሎ «ከብሔራዊ ቡድን የኮበለለው እኮ ነው» ይለዋል። እየሰሙ ትኬት ይቆርጡ ነበር።

እውነቱን ለምን አልተናገሩም? በ1979 ዓ.ም. አቶ ሰላሁዲን መጥተው ሁለቱንም ቴሌግራም ሻይ ቤት ውስጥ አንብቤ ይህን አገር አሳፍራለሁ ሲሉ የከለከሏቸው ራሳቸው አቶ ይሁኔ ናቸው። «ቆንጅት የሰው ልጅ ታስተምራለች፤ ወንድሟን የፈጀች ተብሎ ጣት አይቀሰርባትም። እኔስ ለምጄዋለሁ» ነበር ያሉት። ቆንጅት ይህን በጆሮዋ ሰማች፤ ሰምታም ዝም አለች። ጧት ጧት ጠመኔዋን ይዛ ማቆሚያውን አቋርጣ ስታልፍ «መምህርት፣ እንዴት አደርሽ?» እያለ የሚያከብራት ሰው ዞር ብሎ ወንድሟን ምን እንደሚላቸው እያወቀች ዝም አለች። አከበሯት፤ ተቀበለችው። ከዚህ የሚብስ ነገር በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የለም።

ከነሐሴ ወር 1980 ዓ.ም. ጀምሮ የተቆረጠው እግራቸው ቁስል አገረሸ። ቆቦም ደሴም ታከሙ፤ መርዙ ግን ደማቸው ውስጥ ገባ። ከማረፋቸው ሁለት ቀን በፊት ቆንጅት «እናገራለሁ» አለቻቸው። እርሳቸውም «ከእኔ በኋላ እንደወደድሽ» አሏት። ኅዳር 14 ቀን 1981 ዓ.ም. ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ በተወለዱ በ31 ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ።

አቶ ይሁኔ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሀሊሜን፣ የአንድ ዓመት ልጃቸውን ራቢዓን፣ እናታቸውን ወይዘሮ ብዙነሽንና እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ወይዘሮ ብዙነሽ ዛሬ ማን እንደሞተ የሚነግራቸው አላስፈለጋቸውም።

እንግዲህ አገሬው ሰምቷል። አቶ ይሁኔ ከካምፕ የወጡት እናታቸውን ሊቀብሩ ነው። ወደዚያ ያስኬዳቸው የእህታቸው ወረቀት፣ ስማቸውን ያጠፋው ደግሞ የእህታቸው ሁለተኛ ወረቀትና ዝምታዋ ነው። «ኮብላይ» ማለት አፉ የለመደበት ካለ ከነገ ጀምሮ ቆንጅት ውዱን በዚያ ይጥራት፤ ጧት ጧት በማቆሚያው በኩል ታልፋለች፣ አቤት ትላለች።

ቸሩ አምላክ የአቶ ይሁኔን ነፍስ ስም የሚያጠፋ በሌለበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ እናታቸውን፣ ባለቤታቸውንና ልጃቸውን ያጽናልን። የእህታቸውን ነገር ለእርሱ ትተነዋል።