አባዬ፣ ቬጋስ ሲደርሱ

ውድ አባቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ደብዳቤ በሰላምታ ይከፈታል፣ ጤና ይጠየቃል፣ ጉዳይ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ጉዳዩ ከኋላዬ እየገፋኝም ቢሆን ሥርዓቱን ልጠብቅ። እኛ ሮቤ ያለነው አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ስንዴው እየታጨደ ስለሆነ ሱቄ በር ላይ የኮምባይነር ቺንጋና ኩሽኔታ የሚፈልግ ሰው አይጠፋም። የእርስዎ ጉልበትስ እንዴት ነው? ቡናውስ ተለቅሞ አለቀ? እማዬን ስጠይቃት “ጉልበቱስ ይታጠፋል፤ አልታጠፍ ያለው ሐሳቡ ነው” ብላ ሳቀችብኝ።

በስልክ ልነግርዎ እችል ነበር። ግን እናንተ ጋ፣ አንገቱ ከተማ፣ ኔትወርኩ የዓረፍተ ነገሩን ግማሽ ይበላዋል፤ ደግሞም “ቁም ነገር ከሆነ ጻፈው፣ የስልክ ወሬ ነፋስ ይወስደዋል” ሲሉ ነው ያደግሁት። ይህን የሚያደርስልዎ ቡና ጫኙ የአይሱዙ ሹፌር ሮቤራ ነው። ሻይ ይጋብዙት፤ የተጻፈውን ግን አይንገሩት። ከነገሩት ሪራ ሳይደርስ አገር ይሰማዋል።

ጉዳዩ እዚያ ቬጋስ የሚታሰረው የእኅቴ የዙህራ ኒካሕ ነው። ባለፈው ሳምንት ሲደውሉልኝ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ያህል ድምፅዎን ከፍ አድርገው ነበር፤ የሱቁን በር ዘግቼ ነው የሰማሁዎት።

“ስማ ልጄ! ያ ከተማ ለካ የቁማር ከተማ ነው! ጎረቤታችን ሳላሀዲን በስልኩ አሳየኝ። ከአውሮፕላን ስትወርድ የሚቀበልህ የቁማር ማሽን ነው። ያ ረቢ! በዚህ ዕድሜዬ እግሬ አይረግጠውም። አንተ ቬጋስን ታውቀዋለህ፤ ሷሊሕ፣ አላህን የሚፈራ ሰው ፈልግና ወኪሌ አድርገው። ኒካሑን በእኔ ቦታ እሱ ይሰር፤ እኔ እዚሁ ሆኜ ዱዓ አደርጋለሁ።”

ቪዛው ፓስፖርትዎ ላይ ተመትቷል። ትኬቱን ዙህራ ቆርጣለች። መስጊዱም ቀን ሰጥቷል። እኔ “እሺ አባዬ፣ አያለሁ” ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ነው አሁን የምጽፍልዎ።

መጀመሪያ ስለ ከተማው። ያን ሁሉ ዓመት ቬጋስ ውስጥ ታክሲ ነድቼ ስመለስ፣ “አገሩ እንዴት ነው?” ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም ሳልጠየቅ ዝም አልኩ። ሳላሀዲን ቀደመኝ። እሱ ከተማውን ያየው በስልክ ነው፤ እኔ ግን ጎማዬ እስኪያልቅ ዞሬበታለሁ። ታክሲ ነጂ ደግሞ ምክር ካልሰጠ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ይታገሱኝ።

ሳላሀዲን አልዋሸም። ከአውሮፕላኑ ወርደው ትንሽ እንደተራመዱ ማሽኖቹ በረድፍ ተደርድረው ያገኙዎታል። ያብለጨልጫሉ፣ ይዘፍናሉ፣ እንደ ገበያ ቀን ደላላ ና ና ይላሉ። ነገር ግን ማንም እጅዎን አይዝም። እርስዎ የሻንጣ ሥዕል ያለበትን ምልክት ብቻ ይከተሉ፤ በባቡር ያሳፍርዎታል፣ ባቡሩ ትንሽ ነው፣ ወዲያው ያወርድዎታል። ሻንጣው ጋ ዙህራ ቆማ ትጠብቅዎታለች። ከማሽኖቹ ጋር ያለዎት ጉዳይ በዚሁ ያበቃል።

ወጣቶቹ “አባባ፣ መብራቱን ሳያዩማ አይመለሱም” ብለው ወደ ትልቁ ጎዳና ሊወስዱዎት ይችላሉ። ከሄዱ የእጅ ሰዓትዎን አይርሱ። በእነዚያ ሆቴሎች ግድግዳ ላይ ሰዓት አይሰቀልም፣ መስኮትም የለም፤ ሰው ቀኑ እንደመሸበት እንዳያውቅ ነው። ሶላት ያመልጥዎታል። መግቢያው እንደ ጎባ አደባባይ ሰፊ ነው፣ መውጫውን ግን ጠይቀው ነው የሚያገኙት። ምግብ ቤቱም መጸዳጃውም ያለው ከማሽኖቹ ወዲያ ስለሆነ በመሐል ከመሄድ ግድግዳውን ይዞ መዞር ይሻላል። “ያ ሆቴል ቅርብ ነው፣ በእግር እንሂድ” የሚልዎትን አይስሙት። ሕንፃው ትልቅ ስለሆነ ነው የቀረበ የሚመስለው፤ ከሮቤ ሆኖ የጎባን ቆርቆሮ አይቶ በእግር እንደመነሣት ነው። ውኃ ሳይጠማዎት ይጠጡ፣ አየሩ ደረቅ ነው። በረሃ ነው ብለው ደግሞ ጋቢዎን እንዳይተዉት። በዚህ ወር ሌሊቱ ከሳነቴ ተራራ ብርድ ባይብስም ያንቀጠቅጣል። ትሪ ይዛ “በነፃ ነው” የምትል ልጅ ከመጣች አመስግነው ይለፏት። ቬጋስ ውስጥ በነፃ እንደሚሰጥ መጠጥ ሰውን ያስከፈለ ነገር አላየሁም።

እነዚያን ቁማርተኞች እኔ ነበርኩ የማመላልሳቸው። ሲሄዱ አገር ምድሩን ያወሩልኛል፤ ሲመለሱ መስኮት መስኮቱን ያያሉ። ሒሳቤን ግን ይከፍላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በድፍረት ልናገር፣ አይቆጡኝ። ዛሬ አንገቱ ላይ የሚኖሩበት ቤት ቆርቆሮ የተመታው በዚያ ሒሳብ ነው። ያኔ “ከየት የመጣ ነው?” አላሉኝም፤ መርቀው ተቀበሉኝ። ዙህራ የላከችልዎን ካፖርት ግን “ከቁማር ቤት ደሞዝ የተገዛ ነው” ብለው እስከ ዛሬ አልለበሱትም። እማዬ ናት የነገረችኝ፤ እሷንም አይቆጧት። እኔና ዙህራ ከአንድ ከተማ ነው የላክነው። እኔ ቁማርተኛውን አደርሳለሁ፣ እሷ ሆቴሉ ውስጥ አልጋውን ታነጥፋለች። አባዬ፣ እርስዎ ፈተና ሲያርሙ ወንድ ሴት አይሉም ነበር። ይህን ፈተና እንዴት እንደዚህ አረሙት?

ብዙ አሰብኩበት። እና እውነቱን ልንገርዎ፤ ያስቀረዎት ቁማሩ አልመሰለኝም። ሳላሀዲን ቪዲዮውን ካሳየ በኋላ ሰው በተሰበሰበበት “የመምህር ከማለዲን ልጅ የፈረንጅ አልጋ ታነጥፋለች” ማለቱን ሰምቻለሁ። ዙህራ ጎባ ትምህርት ቤት አንደኛ ስትወጣ ካርዷን ኪስዎ ይዘው ገበያ ለገበያ ሲዞሩ የነበሩት እርስዎ ነዎት። ሐኪም ትሆናለች ብለው ለማያውቁት ሰው ሳይቀር ይናገሩ ነበር። አሁን እዚያ ሄደው መጥረጊያ ይዛ ቢያገኟትስ? የፈሩት ይህን ይመስለኛል። ተሳስቼ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ፤ ካልተሳሳትኩ ደግሞ ቀጥሎ ያለውን ቀስ ብለው ያንብቡት።

ቬጋስን ለማየት የሚሄድ ሰው የማያውቀው አንድ በር አለ። ከሆቴሉ ኋላ ነው፣ የጭነት መኪና በሚራገፍበት በኩል። መብራት የለበትም፣ ማሽን የለበትም፣ ግድግዳው እንደ መጋዘን ግራጫ ነው። ሠራተኛ የሚገባው በዚያ ነው። አንድ ቀን ዙህራን ከሥራ ልወስዳት ስሄድ “ና፣ ምሳ ብላ” ብላ በእንግድነት አስመዘገበችኝና አስገባችኝ። አባዬ፣ ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ሌላ ከተማ ነው ያለው። አንሶላ በጋሪ ይገፋል፣ ምጣድ የሚያህሉ ሳህኖች ይታጠባሉ፣ ሰው ይተማማል፣ ይሳሳቃል። የቁማሩ ድምፅ እዚያ አይሰማም። በአንሶላው መደርደሪያ መሐል ዙህራና ሁለት ሴቶች የቀትሩን የዙህር ሶላት የሚሰግዱባት ጠባብ ቦታ አለች፤ የሥራ ኃላፊያቸው በዚያ ሰዓት ጋሪ እንዳያልፍ ያደርግላቸዋል።

ምሳ ላይ አንዲት ትልቅ የሜክሲኮ ሴትዮ መጥታ “ቲቸር” ብላ ጠራቻት። እኔ ስሟን የረሳች መስሎኝ “ዙህራ ነው ስሟ” አልኳት። ሴትዮዋ ሳቀችብኝ። ለካ ዙህራ በምሳ ሰዓት ለአዲስ ገቢዎቹ እንግሊዝኛ ታስተምራቸዋለች፤ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ አንዷ ስትሳሳት ሳትቆጣ “እስኪ እንደገና” እያለች። “እስኪ እንደገና” የምትለው በአማርኛ ነው፤ ሴቶቹ ሁሉ ለምደውታል። ያንን አነጋገር ከማን እንደወሰደችው እኔ ልነግርዎ አያስፈልግም። ያን ቀን ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ይሁን ከፍቶኝ አላውቅም፤ ለእርስዎም እስከ ዛሬ አልጻፍኩልዎትም።

አሁን ወደ ወኪሉ ልመለስ። እንዳዘዙኝ ፈለግሁ። ከጅማ የመጣ የድሮ የታክሲ ጓደኛ አለኝ፣ የንጋት ሶላት፣ ፈጅር፣ የማያመልጠው፣ ሰው ሁሉ የሚያከብረው። ደወልኩለት።

“በደስታ ነዋ! የአንተ እኅት እኅቴ ናት” አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “አላህ ይርሐማቸው፣ አባታችሁ መቼ ነው ያረፉት?” አለ።

“አባታችን በሕይወት አለ” አልኩት።

“ታመው ነው?”

“ደህና ነው። ቡና እየለቀመ ነው።”

“ታዲያ ለምን ራሳቸው አይድሯትም?” አለኝ። “ተወው፣ እደውልልሃለሁ” ብዬ ዘጋሁት፤ አልደወልኩለትም።

ትናንት ደግሞ ዙህራ ራሷ ደወለች። ሰላምታ እንኳን ሳትጨርስ “ወኪሉ ማን ሆነ?” አለችኝ።

“እየፈለግሁ ነው” አልኳት።

“አትፈልግ። አባዬ እያለልኝ በወኪል አልዳርም። እስኪመጣ እጠብቃለሁ።”

“ለሚስ? እጮኛሽ ምን ይላል?”

“ለሚ ይጠብቃል። ቤተሰቦቹ ናቸው እንጂ…” አለችና ቀጠለች። “‘አባቷ ያልመረቀውን ትዳር ምን ታደርገዋለህ? ቢፈልጋት ኖሮ ይመጣ ነበር’ እያሉት ነው። ከረመዳን በፊት ካልሆነ እንዲተወኝ ይፈልጋሉ። እኔ ምን ልበላቸው? ትኬት ልኬለት እምቢ አለ ልበል?”

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ለሚን እርስዎ ወደውታል፤ የዶዶላ ልጅ ነው፣ አባቱንም ያውቋቸዋል፣ በስልክ ሲያወሩት “ኩኒ ነመ፣ ይሄስ ሰው ነው” ብለው ያመሰገኑት እርስዎ ነዎት። ሰዎቹ ግን ምስጋናዎን አልሰሙም። የሚያዩት ባዶ ወንበርዎን ነው። እርስዎ ከቁማር እሸሻለሁ ብለው ሲቀሩ፣ እዚያ ያለው ሰው ከልጅዎ እንደሸሹ ነው የሚቆጥረው።

ኒካሑ የሚታሰረው መስጊድ ነው እንጂ ሆቴል አይደለም። ዙህራ የምትኖርበት ሰፈር ተራ ሰፈር ነው፤ ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ፣ ጥግ ላይ ሐላል ሥጋ ቤት አለ፣ ጠዋት በር ላይ ቢቆሙ ዙሪያውን ተራራ ነው። ከአውሮፕላን ጣቢያ ቤት፣ ከቤት መስጊድ፣ ከመስጊድ ቤት። ትልቁን ጎዳና ሳያዩ ሄደው ሳያዩ መመለስ ይችላሉ። ከፈለጉ ብቻ አንድ ቀን ዙህራ በኋላው በር ታስገባዎት፤ ያቺ የሜክሲኮ ሴትዮ የቲቸርን አባት ብታገኝ እንዴት እንደምትሆን እኔ ነኝ የማውቀው።

ሐሙስ ከአንገቱ በሚነሣው መኪና ይምጡ። ሳነቴን እስኪያልፉ አፍዎን በጋቢው ይሸፍኑ። ጎባ ወርጄ እጠብቅዎታለሁ፣ እኔ ቤት ያድራሉ፣ በማግሥቱ ከሮቤ አብረን አዲስ አበባ እንበራለን። እዚያም አውሮፕላን ጣቢያው እስከ መጨረሻው መፈተሻ በር ድረስ ከጎንዎ አልለይም። ካፖርቱንም ይዘው ይምጡ።

እኔ ጎባ ላይ ሳገባ ያስታውሳሉ? ለወንድ ልጅ አባት የሚለው ነገር የለውም፤ እርስዎ ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር። ቃሉን ያሉት የሚስቴ አባት ናቸው። እጄን ይዘው “ልጄን ድሬልሃለሁ” ሊሉ ሲጀምሩ ድምፃቸው ተቆረጠ፤ ሁለቴ ጀመሩት። እርስዎ ያኔ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው “የዙህራ ጊዜ እኔ አልንተባተብም፤ ዕድሜ ልኬን ቆሜ ያስተማርኩ ሰው ነኝ!” አሉኝ። ሰው እያየን ሳቅሁ።

አባዬ፣ ያለችዎት ሴት ልጅ አንድ ናት። ያ ቃል በሕይወትዎ አንዴ ነው የሚደርስዎት። ለጅማው ጓደኛዬም ለሌላም ሰው አልሰጥብዎትም፤ ወኪል አልፈልግልዎትም። ለእርስዎ እምቢ ስል ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ይሂዱና ራስዎ ይበሉት። ቢንተባተቡም ግድ የለም። ዙህራ እስኪጨርሱት ትጠብቃለች።

እጅዎን ስሜያለሁ።

ልጅዎ ዓብዱልፈታሕ ከማለዲን
ሮቤ