የአባባ ዘጠኝ ሰዓት

ሰኞ፣ መጋቢት 12 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ እንጅባራ

አባባ ካናዳ ያለው ወንድሜ ጋ ሊሄዱ ነው። ለጉልበታቸው ብሎ ቢዝነስ ክላስ ቲኬት ቆረጠላቸው፤ የበረራውን ምግብ በስልክ የምመርጠው ግን እኔ ነኝ። ምርጫው ዛሬ ይዘጋል፣ ኔትወርኩ አሥር ጊዜ ይጠፋል። «አትክልት» የሚለውን ከመረጥኩ በኋላ ሳየው አይብ አለበት። በሁዳዴ! እንደ ምንም ሰርዤ ምስር በሩዝ አገኘሁላቸው።

«ስንት ሰዓት ነው የሚያቀርቡት?» አሉኝ።

«ጠዋት።»

«ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አልቀምስም።»

«አባባ፣ የስኳር መድኃኒትዎ ከምግብ ጋር ነው እኮ! የንስሐ አባትዎም ፈቅደዋል።»

አባባ የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ፣ «እዚህ ዘጠኝ ሲሆን እዚያ ገና ጠዋት ከሆነ፣ በየትኛው ነው የምጾመው?» አሉ።

በሁለቱም እንደሚጾሙ አውቃለሁ።