ቆልፎብን ከሄደ በኋላ የምንጠራው ስም

ይድረስ ለምወድዎ ለአባባ፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ያ ሲቀዘቅዝ የሚነሳብዎ ሳል ለቀቀዎት? እማማስ፣ መርፌው ላይ ክር ራሷ ታስገባለች ወይስ አሁንም እህቴን ነው የምትጣራው? እኛ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነን ልል ነበር፤ ግማሹ እውነት ነው።

አባባ፣ አያት ሆነዋል። ወንድ ነው፤ እናቱም ደህና ናት። ጆሮው ቁርጥ የእርስዎ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና ከዚያ የተሻለ የሚወርሰው ነገር ነበረ።

የምንኖረው፣ እንደሚያውቁት፣ ከምሠራበት ላውንደሪ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። መውጫችን በሱቁ በኩል ብቻ ነው። ሱቁን ደግሞ አሠሪዬ ማታ ማታ ከውጭ ቆልፎት ይሄዳል፤ ሌባ ፈርቼ ነው ይላል። ምጡ የመጣው ከተቆለፈ በኋላ ነበር። ስንደውልለት በነጠላ ጫማ እየሮጠ መጥቶ ከፈተልን፤ በገዛ መኪናው ሆስፒታል አድርሶን እስክትገላገል ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አደረ። አሁን በምን አፌ ልማው? የቆለፈብንም እሱ፣ የከፈተልንም እሱ።

ልጁን ሲያቅፈው እንባው መጣና ምናሴ በሉልኝ ብሎ ለመነን፤ የሟች አባቱ ስም ነው። ሥራውም ቤቱም የእሱ ነውና እሺ አልኩ። ነገ ለማስመዝገብ አብሮን ይሄዳል።

እርስዎ መጽሐፉን ስለሚያውቁት ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙ ብዬ ነው የምጽፈው። በስልክ ያልነገርኩዎት ሱቁ ውስጥ ጆሮ ስላለ ነው። ምናሴ በዕብራይስጥ የሚያስረሳ ማለት ነው። ዮሴፍ በባዕድ አገር የበኩር ልጁን እንዲያ ያለው፣ አምላክ መከራዬንም የአባቴንም ቤት አስረሳኝ ሲል ነበር። እሱ እንኳ ይህን ያለው ከእስር ወጥቶ፣ ተሹሞ፣ ጠግቦ ነው። እኔ በካውያ እንፋሎትና በቁልፍ መካከል ተቀርቅሬ ምኑን ረሳሁት? ተናድጃለሁ፣ አባባ። አፍሬአለሁም።

ባለቤቴ ግን ትስቅብኛለች። ዮሴፍ የእውነት ረስቶ ቢሆን የአባቱን ቤት በልጁ ስም ለምን ያነሳዋል አለችኝ።

እማማን ጉልበቷን ስሜያለሁ በሉልኝ። እህቴን ሙሽራነቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ትምህርቷን ትጨርስ በሏት። አጎቴንም በጣም አድርጋችሁ ሳሙልኝ፤ አሁንም ዳማ ላይ የሚያጭበረብር ከሆነ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ሳሙት።

እርስዎም ለልጁ ሌላ ስም ያውጡለትና ይላኩልኝ፤ አይዘግዩብኝ። ቀን ቀን ምናሴ ይባል፣ ውለታ ነው። ማታ በሩ ከተቆለፈብን ወዲያ ግን የሚሰማን የለም፤ ያን ጊዜ እርስዎ ባወጡለት ስም እንጠራዋለን።

ልጅዎ
ከላውንደሪው ጓሮ ክፍል፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ