ጀርባዬን ለአማቾች ያሰጠኝ እዝዝታ

ካይሮ ላለኸው ለታላቅ ወንድሜ ለጋረደው ይድረስ፤

እንደምን ከረምክልን ወንድም ዓለም? ጤናህስ? ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተወህ ወይ? የዘንድሮው ብርድ እንዴት አደረጋችሁ? ሚስትህ መክሊትስ ያ ሳሏ ለቀቃት? የቤቱ ባለቤት አሁንም ደረጃው ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል ወይስ ሰው ሆነ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ከማለት በቀር ምንም አትልም፤ እህታችን ፅናትም ወደ ሙሽርነቱ እየተጠጋች ነው። ገዳሪፍ እንደምታውቃት ናት፤ አቧራው እንዳለ፣ መብራቱ ሲሻው እየመጣ ሲሻው እየሄደ። ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም ብዬ ብጽፍልህ ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን የጎደለ አለና እሱን ልነግርህ ነው የተቀመጥኩት።

በወረቀት የጻፍኩልህ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። በድምፅ ስልክልህ ግማሹን ሰምተህ «እሺ እሺ» ብለህ ታልፈዋለህ። ባለፈው እንዲያ አድርገህ ነው ይህን ጉድ የላክህልኝ። ወረቀት ግን ሱቅ ድረስ ይዘኸው ትገባለህ፣ ሻጩ አፍንጫ ሥር ትዘረጋዋለህ።

በሲሃም እጅ የላክኸው የጊታር ፒካፕ ደርሶኛል፤ ሲሃምን አመሰግናለሁ፣ ዕቃውን ግን አላመሰግንም። እማዬ እሽጉን ፈትታ «አገር ያመሳችሁበት ነገር ይሄ ነው?» አለችኝ። ከክሩ ሥር ተቀምጦ ድምፅ የሚለቅም፣ ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔት ነው ብዬ አስረዳኋት። «ታዲያ የድሮዋ መልቀም አቃታት?» አለች። የድሮዋማ መልቀሙን ታውቅበታለች፤ ችግሯ የማይለቀመውንም አብራ መልቀሟ ነው።

ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ባንድ ላይ ስለገቡ ሀፍላ የሚባል የዘፈን ድግስ አልነበረም፤ ጊዜ አግኝቼ ትተህልኝ የሄድከውን ጊታር ከፈትኩና ያንተን ዕቃ በይጄ ገጠምኩት። ጸጥ ያለ ነው፤ አልዋሽም። ሬሳም ጸጥ ያለ ነው። በድሮዋ ጠባብ ቦታ ሁለት የሽቦ ጥቅል ጎን ለጎን ጠቅጥቀውበት፣ ጉልበቱ ብቻ የሚያስፈራ ነገር ሠርተዋል። አምባሰል ስመታበት ጋቢ ተከናንቦ የሚያወራ ሰው መሰለኝ። ያ ክራር ክራር የሚለው፣ ቀጭኑ ክር ሲነካ ጥርት ብሎ የሚወጣው ድምፅ ድራሹ የለም። ሻጩ «ወፍራም ድምፅ አለው» ብሎ እንዳሞገሰልህ ነግረኸኛል። ወፍራም ማን ለመነው? ወፍራም ነገር ሲያምረኝ እዚህ የአሲዳ ገንፎ ሞልቷል። ሳይውል ሳያድር ነቅዬ አሮጊቷን ወደ ቦታዋ መለስኳት።

ጸጥ ያለ ፒካፕ ለምን እንደፈለግሁ በስልክ ቆራርጬ ነበር የነገርኩህ፤ አሁን ከነገሩ ሥር ልንገርህ። በጥር የፅናት ቀለበት ቀን የእጮኛዋ የይርጋ ወገኖች ከመፋዛ ከተማ በአይሱዙ ሞልተው መጡ። አጎቱ አቶ አየነው፣ ነጭ ኩታቸውን አጣፍተው፣ የሰሊጥ ገበያውን እሳቸው የፈጠሩት ይመስል መሐል ተቀመጡ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ጄኔሬተር ተከራይተናል፤ አምፖሉ የተንጠለጠለበት ሽቦ በግቢያችን በሆሹ ላይ እንደ ልብስ ማስጫ ተዘርግቷል። ጊታሩን ድምፅ ማጉያው ላይ ስሰካው እዝዝ አለ። እንደ ንብ ቀፎ ነው የጮኸው። ጄኔሬተሩን እናርቀው ብል ባለቤቱ ገመዴ አጭር ነው አለ። የዚያ ሰውዬ ገመድ ብቻ መሰለህ አጭሩ?

አንተ ያስተማርከኝን አደረግሁ። ጊታሩን እንደያዝኩ ቀስ እያልኩ ዞርኩ፤ አንድ ቦታ ላይ እዝዝታው ጠፋ። እንዳጋጣሚ ሆኖ በእኛ ሆሽ ጊታሩ ዝም የሚለው ፊቴን ወደ ሽንት ቤቱ ግድግዳ ሳዞር ነው። እኔም ሥነ ሥርዓቱን በሙሉ ግድግዳውን እያየሁ ተጫወትኩ። እንዴት አድርጌ እንደተጫወትኩ ብትሰማ! ማን ሰምቶ። አቶ አየነው ብድግ ብለው «ከመፋዛ ድረስ የመጣነው የዚህን ልጅ ጀርባ ለማየት ነው?» አሉ። በጊታሩ ውስጥ ያለው ሽቦ የጄኔሬተሩን ድምፅ እንደሚሰማ ላስረዳቸው ብሞክር፣ ጆሮ ያለው ሽቦ በእኛ አገር አልሰማንም ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁብኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ይርጋ አጠገባቸው ተቀምጦ ጫማውን ያያል። መልካም ልጅ ነው ይሉኛል፤ ጫማውን በደንብ እንደሚያውቀው እኔም እመሰክራለሁ።

በዚያው ፍርድ ተሰጠ፦ ጀርባውን የሚሰጥ ሰው በሠርጉ ላይ እንዳይጫወት። ማን ይጫወት? ሁዜይፋ! ያን ኪቦርድ የሚጫነውን ልጅ ታስታውሰዋለህ፤ አንድ ጣቱን ሲያሳርፍ ከበሮውም ቤዙም ጭብጨባውም በራሱ ይመጣለታል፣ እሱ ሻዩን ይጠጣል። «ስንሻው ይረፍ፣ እኔ ጋ ጊታር የሚል ቁልፍ አለ» አለ፣ ደግሞ አዝኖልኝ። ያንን ቁልፍ ሰምቼዋለሁ ጋረደው። ጣሳ በማንኪያ ሲመታ ከሱ ይሻላል። ፅናት በልጅነቷ ጣሳ እየመታች «የእኔን ሠርግ አንተ ነህ የምትጫወተው» ትለኝ እንደነበር አንተም ታውቃለህ። እኔ በእህቴ ሠርግ ላይ ለስላሳ አመላልሼ ልገባ፣ የሁዜይፋ ቁልፍ ሊዘፍንላት! ይህ ነገር ከጥር ጀምሮ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ስለዚህ አሁን የምጽፍልህን ለሻጩ አንብብለት። ጎን ለጎን የተጠቀጠቀውን አልፈልግም። አንዱ ጥቅል በሌላው ላይ የተደረበበት አለ፤ እሱን አምጣ በለው። የላይኛው ክሩንም እዝዝታውንም ይሰማል፤ የታችኛው እዝዝታውን ብቻ ሰምቶ ይገለብጠዋል፣ ሁለቱ ይጠፋፋሉ፣ ክሩ ብቻውን ይቀራል። እርግጥ ከድምፁ ጫፍ ትንሽ ይቆርጣል፤ እሱን እችለዋለሁ። ጉልበት ያለው ነው ካለህ መልስለት፤ ጉልበት የሚፈልግ በሬ ይግዛ። ማግኔቱ ለዘብ ያለ፣ የሽቦው ዙር እንደ ድሮዎቹ ያልበዛ ይሁን። ሲያጫውትህ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፤ ከፍ ሲል ሁሉም ያምራልና እንዳትሸወድ፣ ዝቅ አስደርገው። ከዚያ የድሮ ዓይነቱን ነጠላ ጥቅል አስመታና ወዲያው ይሄኛውን አስመታ። ቀጭኑ ክር ላይ ልዩነቱ ብዙ ከሆነ ትተህ ውጣ። ስልክህን ቻርጀር ላይ ሰክተህም አስጠጋው፤ እዝዝ ካለ ጸጥታው ካርቶኑ ላይ ብቻ ነው ማለት ነው። «ሁሉም የሚገዛው ይሄን ነው» ሲልህ ደግሞ ሁሉም ሁዜይፋ ነው በለውና ሳቅ።

እዚህ ላይ ልጨርስ ነበር፤ ትናንት የሆነውን ግን ሳልነግርህ አላልፍም። የጎረቤት ጄኔሬተር ሲነሣ ጊታሩን ይዤ ሆሹ ውስጥ እየዞርኩ፣ ዕቃውንም ሰዉንም ስራገም ፅናት መጣች። ሄዳ ሽንት ቤቱ ግድግዳ ሥር ቆመችና አሁን ማንን ነው የምታየው ብላ ጠየቀችኝ። አንቺን አልኳት። «ታዲያ ኮሻው እዚህ ነዋ የሚሠራ» አለች። የሙሽሮቹን መቀመጫ፣ አበባና መጋረጃ የሚለብሰውን ኮሻ፣ ሽንት ቤቱን አስደግፋ ልታቆመው! እማዬ «ጉድ በል ጎንደር! ሙሽራ እዚህ ትቀመጥ?» ብላ ጮኸች። ፅናት መጋረጃ ምን ሊሠራ ተፈጠረ አለቻት። ያን ጊዜውኑ ወደ መፋዛ ደውላ፣ ወንድሜ ካልተጫወተ ኮሻ ላይ አልወጣም ብላ ለይርጋ ነገረችው። ይርጋም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከጫማው አንሥቶ አጎቱን ተናገራቸው መሰል፣ አቶ አየነው «ፊቱን ከሰጠን ይጫወት» ብለዋል። ፊቴን ያገኛሉ። ወንበራቸው ከኮሻው ጎን ስለሆነ ጄኔሬተሩንም አብረው ያገኙታል። ጀርባዬን የሚያዩት እንግዲህ የእኛ ዘመዶች ናቸው፤ እነሱ ለምደውታል።

አየህ፣ እኔ ፒካፑን፣ ሻጩን፣ አማቹን፣ አንተንም ጭምር ስነቅፍ ከረምኩ፤ እሷ ሠርጓን አዞረችልኝ። «ማጉያው ከበስተኋላ ይሁን» ብያት ገባሁ።

እማዬ ሰላም ትልሃለች፤ በጾሙ ራስህን እንዳትጎዳ፣ ለዳግማይ ትንሣኤ ሠርጉ ስለሆነ ያን ቀን እንድትደውል፣ ስልኩን ጊታሩ አጠገብ አስቀምጣ እንደምታሰማህ ንገረው ብላለች። ፅናት ጉንጭህን ትስምሃለች፤ የሠርጓን መጋረጃ ቀለም ፎቶ ለመክሊት እልካለሁ ብላለች። መክሊትን ሳቋ እንደሚናፍቀኝ ንገርልኝ። ያ አጭር ገመድ ያለው ሰውዬም እንዴት ነው ብሎ ጠይቆሃል፤ ሰላምታውን ባልጽፍልህ ደስ ይለኝ ነበር።

ፒካፑ ለሠርጉ እንደማይደርስ አውቃለሁ፤ አትቻኮል። ግን ደህና አድርገህ መርጠህ ግዛልኝ። ፅናት በሠርጓ ማግሥት መፋዛ ትገባለች፤ ከዚያ ወዲያ ለእኔ ብሎ ግቢውን የሚያዞር ሰው የለኝም።

ታናሽ ወንድምህ
ስንሻው

ገዳሪፍ፣ መጋቢት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.