አባባ የሚልኩት ቀይ ልብ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3፣ ጧት
አባባ ዛሬም ስልካቸውን ይዘው መጡ። እነዚያ ትናንሽ ሥዕሎች የት ነው የሚገኙት? አሉኝ። ኢሞጂ መሆኑ ነው። ዕድሜ ልካቸውን የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ፣ ድጓ ያስተማሩ መሪጌታ! ኪቦርዱ ላይ ያሉት አልበቃቸውም። ሁሉም የተደረደሩበት ድረ ገጽ ከፍቼ መቅዳትና መለጠፍ አሳየኋቸው። ለማን ነው ብል ሳል ያዛቸው። ጉሮሯቸው ከታመመ ወዲህ ሳል መሸሸጊያቸው ሆኗል።

ረቡዕ፣ 5፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት
ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ብቻ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ስልካቸው ቀረ። አየሁት። ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ስም የሌለው ቁጥር። አንድ መስመር ግዕዝ፣ ከላዩ ቀይ ልብ። ደግሞ ልብ። የውሃ ጠብታ። መቀስ። መቀስ ለፍቅር ምን ይሠራል? መልስ መጥቷል፤ ልቡ ደርሷል፣ መቀሱ ባዶ ሳጥን ሆኗል፣ ሌላ ይላኩልኝ ይላል። አባባም ደግመሽ ሞክሪው ብለዋል። ሞክሪው! ሴት ናት።
እናቴ ካረፈች ገና ሁለት ዓመቷ። ተናደድሁ።

ዓርብ፣ 7
ኔትወርክ ሐይቁ ዳር ይሻላል ብለው ወጡ። ውሸት፤ ቤት ዋይፋይ አለ። ተከተልኋቸው። ዋርካ ሥር ተቀምጠው ሥዕል ይመርጣሉ። ፈገግ ይላሉ። ያ ባሰብኝ። ባለፈው ከቆላ ድባ ጤፍ ተልኮልን ነበር። ማን ላከው ብል፣ ወዳጅ አሉ። ወዳጅ!

ቅዳሜ፣ 8፣ ከሰዓት
ስም ወደሌለው ቁጥር ደወልሁ። ልጃቸው ነኝ አልሁ። ቆላ ድባ ያሉ እማሆይ ናቸው፤ የአባባ ተማሪ። የአባባ ድምፅ ስለማይወጣ በጽሑፍ ያስተምሯቸዋል። ከቃሉ በላይ የሚቀመጠው የዜማ ምልክት ስልካቸው ላይ ስለሌለ አባባ ኢሞጂ ተኩበት። ልቡ ደረት የሚባለው ምልክት ነው፣ ድምፁ ከደረት እንዲወጣ። ጠብታው ርክርክ፣ ድምፁ እንደ ነጠብጣብ ተከታትሎ እንዲወርድ፤ መቀሱ ቁርጥ፣ ዜማው እንዲቆረጥ።
«ሴት ነሽ ብለው አልመለሱኝም፣ የኔ ልጅ። ዕድሜ ይስጥልኝ» አሉኝ።
እፎይ ማለት ነበረብኝ። አልቻልሁም። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ አባባን ድጓ ያስተምሩኝ ብዬ ጉልበታቸውን ይዤ ለምኛለሁ። ለሴት አይሆንም ብለው ወደ ጓዳ ሰደዱኝ። ወንድሞቼን አስተማሩ፤ አንዱም አልዘለቀበትም። የደበቁኝ ለዚህ ነው። እናቴን ረስተዋል ብዬ ነበር የተቆጣሁ። ቅናቱ ለካ የራሴ ነው።

እሑድ፣ 9፣ ከቅዳሴ መልስ
አባባ መጡ። የጨበጠ እጅ ያለበት ሥዕል አለ ወይ? አሉ። ድምፁን ለሚይዘው ምልክት፣ ለይዘት መሆኑ ገባኝ። አለ፤ አንድ ጊዜ ብነካው ይወጣል። ስልኩን ተቀበልሁ። ከእማሆይ ጋር ማውራቴን ነገርኋቸው። መጀመሪያ እኔን ያስተምሩኝ፣ ከዚያ እፈልግልዎታለሁ አልሁ። ስልኩ እጄ ላይ ነው። መልስ ሳይሰጡኝ አልመልስም።